የአረጋ ቅል

ላሊበላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመት ሰብሌ ገብረ መስቀል፣
ወገል ጤና።

እንዴት ሰነበቱ እመት ሰብሌ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ እንደ ድሮው በወረቀት መጠያየቅ ሆኗል፤ ደብዳቤዎ በሾፌሩ በምስጋኑ እጅ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ከንቀት አይደለም። ጋሸና ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪና አልነበረም። መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎና፣ ተናድጄ ነበር።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ልጄ ምስክር የልጅ ልጅዎን ፅናትን እንዲያገባ ሽማግሌ የላክሁት ራሴ ሳልጽፍልዎ ነው። ስሜን ቀድመው ካዩ ሽማግሌዎቹን ከበር ይመልሷቸዋል ብዬ ፈርቼ ነው። አስገብተው፣ አብልተው አጠጥተው እንደሸኟቸው ነግረውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ፅናት ጤና ጠይቀዋል። ደህና ናት። ሆስፒታል ውስጥ ነርስነቷን ወደውላታል፤ ሽማግሌ ታማሚ ሁሉ እሷ ካልወጋችኝ ይላል። ፊቷ ገርጥቶ አየሁ ያለዎት ሰው ካለ የላሊበላ ብርድ ነው፤ ያልፋል።

«ልጁ የማን ልጅ ነው?» ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ነግረውዎት ነበር፤ ከእኔ መስማት ከፈለጉ ይኸው። አባቱ ሟቹ ባለቤቴ ባምላክ ነው፣ የገነተ ማርያም ገበሬ። እናቱ እኔ እታገኘሁ ነኝ። እኔ የአረጋ ልጅ ነኝ። የትኛው አረጋ እንዳይሉኝ፤ ብልባላ ላይ ለአባትዎ ለፊታውራሪ ማረሻ ይቀጠቅጥ የነበረው፣ ቡዳ ነው እየተባለ ከአጥር ውጭ የሚቆመው አረጋ።

ፊታውራሪ ግብር ባበሉ ቁጥር ሰው ሁሉ እንደ ማዕረጉ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። አባቴ በደጅ ይቆማል። ለእሱ ብቻ የተለየች ቅል ነበረች። የቀጂዋ እጅ እንዳይነካው ጠላው ከላይ ከፍ ተደርጎ ይንቆረቆርለታል። ጠጥቶ ሲጨርስ ቅሏን አጥሩ ላይ መልሶ ይሰቅላታል፤ ወደ ቤት አትገባማ። እኔ ጋቢውን ይዤለት ከጎኑ እቆም ነበር። እርስዎ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። በዕድሜ እኩያ ነን፤ ቢበዛ በሁለት ክረምት ብበልጥዎ ነው። አንድ ቀን ለጓደኞችዎ «ያቺን ቅል የነካ ጥርሱ ይረግፋል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህን የጻፍኩት ለጸብ አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ስለጠየቁኝ ነው። ዛሬ እኔ ባለ ሆቴል ነኝ። ልጄ አስጎብኚ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ያዳምጠዋል። ልጅዎን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ከዐቢይ ጾም በፊት ይጋቡ ዘንድ እለምንዎታለሁ። አባቴ ከቆመበት ቆሜ የምለምን ይምሰልዎ። ደጅ መጥናት ከቤቴ የወረስኩት ነው።

ምስጋኑ ቅዳሜ ይመለሳል። መልስዎን ለእሱ ይስጡት።

እታገኘሁ አረጋ


ወገል ጤና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታገኘሁ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉልበቴ እንደ ዕድሜዬ ነው፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ የደርግ መሠረተ ትምህርት ብዙ ሰው ጠቅሟል።

ስለ ቅሉ የጻፍሽውን አነበብሁ። አላስታውስም አልልም። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሥርዓቱን አላወጣሁትም። ግን አንቺ ጌትነት ማለት ሰውን ደጅ ማቆም ብቻ ይመስልሻል። አባቴ ተበድሎ የመጣን ሰው ሳይሰሙ አያድሩም ነበር። የሚያስተዳድሩትን ሰው ልጆች በስም ያውቁ ነበር። የዛሬ ባለጸጋ ሠራተኛውን በስም ያውቀዋል ወይ? ጨዋነት አጥንት ነው፤ አጥንት ደግሞ ፎቅ ተሠርቶ አይመጣም።

በእኛ ቤት አንድ ሥርዓት አለ፤ ሰምተሽ ይሆናል። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የቤቱ ታላቅ ሴት ሰባቱን ቤት በጆሮው ትቆጥርለታለች፣ በአባቱም በእናቱም። አንድ ስም ከዘለለች እንደገና ከመነሻው ትጀምራለች። ለልጄ ለትርሐስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ ቆጠርኩላት። ለልጇ ለፅናትም ቆጠርኩላት። ደርግ መሬታችንን ወሰደ፣ ቤታችንን ወሰደ፣ ይህን ግን ማን ይወስደዋል?

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ባለ እጅ ስለሆናችሁ እምቢ ያልኩ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይነገርም፣ እኔም አልናገረውም። ምክንያቴ ሌላ ነው፣ ለመጻፍም እጄ ይከብደኛል። አባቴ ሊያርፉ ሲሉ ለብቻዬ ጠርተው አንድ ነገር ነግረውኛል። እናትሽ ገለቴ ሸክላ ልታስረክብ በጓሮ በር ትመጣ በነበረበት ዘመን አንቺ ከእሳቸው ተወልደሻል። የአረጋ ልጅ አይደለሽም። እንግዲህ ልጅሽ የአባቴ የልጅ ልጅ ከሆነ፣ ከፅናት ጋር ሰባት ቤት ቀርቶ አራት ቤት አይሞላቸውም። ቤተ ክርስቲያን አታጋባቸውም፤ እግዚአብሔርም አይወደውም።

አንቺንም እናትሽንም ላለማሳፈር ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ነገር ነው። አስገደድሽኝና አወጣሁት። ሽማግሌ ዳግመኛ አትላኪ። ፅናትን በመጀመሪያው መኪና ላኪልኝ።

ሰብሌ ገብረ መስቀል


ላሊበላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ ለሰብሌ፣

እንዴት ነሽ? «አንቺ» ማለቴ አይግረምሽ። ታላቅ ታናሹን እርስዎ አይልም፤ ሥርዓት ነው፣ ሥርዓት ደግሞ ከአንቺ ነው የተማርኩት።

መልሴ የዘገየው ሳለቅስ ስለከረምኩ ነው። ለእናቴ። ገለቴ ማድጋዋን በጀርባዋ አዝላ ያን ዳገት ስትወጣ፣ ጓሮ በር ላይ አውርዳ ሳትቀመጥ ስትመለስ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ከደጃፉ አላለፈችም። ሙት አይመልስም ብለሽ ስሟን አነሣሽ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሳቄ መጣ። ልጅሽን ለቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ከመዳር እኔን የፊታውራሪ ልጅ ማድረግ ቀለለሽ። እሺ። ተቀብያለሁ።

ትላንት የጊዮርጊስ ዝርወተ አጽሙ ነበር፤ ቤታችን በየዓመቱ ብልባላ የሚዘክረው። ቤታችን ልበል እንጂ። አንቺ መንገዱን ፈርተሽ ቀረሽ፤ እኔ ሄድኩ። ደብዳቤሽን ለመምሬ ገብረ ሚካኤል ሰጠኋቸው፣ በሰው ፊት አነበቡት። ፊርማሽን ያውቁታል። ቆይቶ አንዲት አሮጊት ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። የቤቱ ታላቅ ናት ተብዬ የተባረከውን ዳቦ የመጀመሪያ ቁራሽ ተቀበልኩ። ያ የአንቺ መቀመጫ ለካ ይቆረቁራል፤ ትራስ አስመጥቼበታለሁ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዝክሩን የምጠራው እኔ ነኝ። ከአባታችን ጎን ለራስሽ ያስከለልሽው የመቃብር ቦታ የታላቅ ነው፤ እኔ እተኛበታለሁ፣ አንቺ ከግርጌዬ። ሆቴሉ በር ላይም «የፊታውራሪ ገብረ መስቀል ልጅ» ብዬ ላስጽፍ ሠዓሊ አናግሬያለሁ። ፊደሉ ትልቅ እንዲሆን ነግሬዋለሁ።

ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ። የፅናት ፊት የገረጣው በብርድ አይደለም። አራት ወር ሆኗታል። የጻፍሽው እውነት ከሆነ ያልተወለደውን ልጅ ምን እንዳልሽው አስቢው። ደብዳቤሽ በሰው ፊት ሲነበብ አብረውኝ ስለነበሩ እሷም ምስክርም ሰምተዋል። ሳላስጠነቅቃቸው ነው የሰሙት፤ በቀሌ ቸኩሎብኝ ነበር። ምስክር ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ካህናቱ ዘንድ ገብቶ ዋሻው ውስጥ ተቀምጧል አሉ። ፅናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እህል አልቀመሰችም።

ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ መጥተሽ መምሬ ፊት እውነት ነው ብለሽ ማይ። ታላቅ እህትሽ ሆኜ እኖራለሁ፣ ልጆቹም ይለያያሉ። ወይ ዋሸሁ ብለሽ ጻፊ። ሰርጉ ከጾም በፊት ይሆናል፤ አንቺም በሰርጉ ላይ በአባቴ ቅል ትጠጫለሽ። ቅሏ አለች። ቤታችሁ የተወረሰ ዕለት ሰው በሬና ፈረስ ሲነዳ አባቴ ከአጥሩ ላይ ያወረደው እሷን ብቻ ነው። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል።

የቱን እንድትመርጪ እንደምፈልግ አልነግርሽም። እኔም አላውቀውም።

ታላቅ እህትሽ፣
እታገኘሁ


ወገል ጤና፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታገኘሁ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ የፅናትን ጤና ላኪልኝ። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል። ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ፣ ትራስ አስመጥተሽ፣ መቃብሬን ለክተሽ ጻፍሽልኝ። እማልልሻለሁ። መንገዱ ሲከፈት መጥቼ መምሬ ፊት እማላለሁ፣ አንቺም የፈለግሽውን ታፔላ ስቀይ።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። ፅናት መጀመሪያ ላሊበላ የሄደች ሰሞን ስለ ሆቴልሽ ጽፋልኝ ነበር፤ ሳትከፋ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። ዘበኛሽ መሐመድኑር የሚጠጣባት የቆርቆሮ ኩባያ አለች አለችኝ። በር ላይ ምስማር ተመትቶላት ትሰቀላለች። ከእንግዳው ብርጭቆ ጋር አትታጠብም። ያቺን ኩባያ እኔ ነኝ የሰቀልኳት? አባቴስ ናቸው? እሳቸው በበቅሎ ይሄዱ ነበር፣ አንቺ በላንድክሩዘር ትሄጃለሽ፤ መንገደኛው ለሁለታችሁም ዳር ይይዛል። ወንበራችንን ብቻ መሰለሽ የወረስሽው? አጥራችንንም ወርሰሻል።

የፅናትን ጤና ላኪልኝ።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

ኩባያዋን ወርጄ አየኋት። አለች። ማን እንደሰቀላት ጠየቅኩ፤ ማንም አያውቅም፣ ሆቴሉ ሲከፈት ጀምሮ እንደዚያ ነው አሉኝ። ሆቴሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቂኝ፤ ያናደደኝ ደግሞ ቀድመሽ ያየሽው አንቺ መሆንሽ ነው።

ኩባያዋን አውርጄ ለመሐመድኑር የእንግዳ ብርጭቆ ሰጠሁት። ለጽድቅ አይደለም፤ የምትይኝ እንዳይኖርሽ ነው። እሱ አኮረፈ። «እማማ፣ ኩባያዬን የት አደረጉብኝ? ብርጭቆ ውስጥ ሻይ አይሞቅም» አለኝ። ለምኖኝ መልሶ ሰቀላት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከሌላው ዕቃ ጋር ትታጠባለች፣ ወደ ውስጥ ስትገባም የሚከለክላት የለም። ይህን ለታሪክሽ ጻፊው።

አሁን ስለ ፅናት። ከትላንት በስቲያ ደም ታይቷታል። ሐኪሙ ካልጋ እንዳትነሣ አዟል። ልጁ እስካሁን አለ፤ ይቀመጥ አይቀመጥ ግን አልነገረንም። ነርስ ስለሆነች ሊያባብላት የሚችል ሰው የለም፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። ትላንት «እማማ፣ እግዚአብሔር እየወሰደው ያለው እኔና ምስክር ዘመድ ስለሆንን ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ከአንቺ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁራሽ የተቀበልኩ ሴት ነኝ።

አትማይ። ቅሏን ለሌላ ጊዜ አቆያታለሁ፤ ምሬሽ እንዳይመስልሽ፣ ቀኑ ስላልሆነ ነው። ሰርጉም ላይ መምጣት ካልፈለግሽ ቅሪ። ዋሸሁ የሚለውን ብቻ ጻፊ። ምስጋኑ ይህን ሰጥቶሽ በርሽ ላይ ይጠብቃል፤ እስክትጨርሺ አይነሣም።

እታገኘሁ


ወገል ጤና፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምሬ ገብረ ሚካኤል በሰው ፊት እንዲያነቡት።

እኔ ሰብሌ ገብረ መስቀል ታኅሣሥ ወር የጻፍኩት ውሸት ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩኝም። ገለቴ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ከቤታችን ደጃፍ አልፋ አታውቅም። እታገኘሁ የአረጋ ልጅ ናት፣ አረጋም ባለ እጅ ነበር። የልጅ ልጄን ለባለ እጅ ቤት አልድርም ማለት ቢያሳፍረኝ አባቴንም ገለቴንም በሞቱበት አዋረድኩ። ምስክርና ፅናት ዘመድ አይደሉም። ሰባት ቤት ቢቆጠርም፣ ሰባ ቤት ቢቆጠርም አይገናኙም። እግዚአብሔር ይፍታኝ፤ ሰውም ይፍታኝ።

ከዚህ በታች ያለው አይነበብ።

እታገኘሁ፣ ለፅናት አስቀድመሽ አንብቢላት፣ ከሰው በፊት። እጇን ይዘሽ አንብቢላት። ሰርጉ ላይ አልመጣም። መንገዱ ነው በያቸው። ደስ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመት ሰብሌ፣

እንዴት ሰነበቱ? ከእህትነት ስለሰረዙኝ ወደ «እርስዎ» ተመልሻለሁ። አክብሮት እንዳይመስልዎ፣ የአፍ ልማድ ነው።

እጇን ይዤ አነበብኩላት። ስጨርስ «እንደገና» አለችኝ፣ እንደገና አነበብኩላት። ከዚያ የገብስ አጥሚት ለምና ጠጣች። ደሙም ቆመ። ምስክር ከዋሻው ሲመለስ ጺሙ አድጎ ነበር፤ አልስቅበትም ብዬ ሳቅሁበት።

ሰርጉ እሑድ ሆነ። ፅናት ከወንበሯ ሳትነሣ ተዳረች፤ ሐኪሙ ነው የከለከላት። እርስዎን ያስቀረዎት መንገዱ ነው አልኳቸው፤ ማንም አላመነኝም። ወንበርዎንም መልሻለሁ፣ ትራሱን ግን ወሰድኩት። ሠዓሊውንም አስቀርቼዋለሁ።

መምሬ ደብዳቤዎን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አነበቡት። «እታገኘሁ የአረጋ ልጅ ናት፣ አረጋም ባለ እጅ ነበር» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ። አባቴ እኮ በሕይወቱ ስሙ በዚያ ቅጥር ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። በዚያ ፊርማ ሥር፣ በእርስዎ እጅ ተጽፎ ሲጠራ ሰማሁት። ደስ አለኝ። እንደገመቱት ነው።

ይቅር እንዳልኩዎት ግን አይቁጠሩት። ቂሜ እንደ ጨው ሟሟ የምል ሴት አይደለሁም። አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱንም ራስዎ ነዎት የሰጡኝ። በቤትዎ ሥርዓት ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ሰባቱን ቤት በአባትም በእናትም የሚቆጥሩለት እርስዎ ነዎት። በእናቱ በኩል ፅናት ብለው፣ ትርሐስ ብለው፣ ሰብሌ ብለው፣ ፊታውራሪ ላይ ሲደርሱ አንገትዎ ይቀናል። በአባቱ በኩል ግን ምስክር ይላሉ፣ እታገኘሁ ይላሉ፣ ከዚያ አረጋ ይላሉ። በዚያው አፍዎ፣ በልጁ ጆሮ። እኔ በቅል ላጠጣዎ ስመኝ ከዚያ የበለጠ አዘጋጅተውልኝ ኖሯል። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

እታገኘሁ አረጋ


ወገል ጤና፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታገኘሁ፣

እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ መሆኑንም፣ ጩኸቱ ለጎረቤት መትረፉንም ምስጋኑ ነግሮኛል። የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ጆሮው የአባቴ ነው። ግንባሩ የማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከእናንተ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

በየካቲት የጻፍሽው ደብዳቤ እስካሁን ትራሴ ሥር አለ። ሥርዓቱን ልተወው ብዬ ነበር፤ ልጁ በዚህ ዘመን ሰባት ቤት ምን ያደርግለታል ብዬ። ልተወው አልቻልኩም። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ያለ መሬት፣ ያለ ቤት፣ ያለ ሰው ስቀር የቀረኝ እሱ ነው።

ስለዚህ መለማመድ ጀመርኩ። በእናቱ በኩል እንደ ውሃ ይወርድልኛል። የባምላክን ቤትም ከገነተ ማርያም ሰው አስጠይቄ ጨርሻለሁ። በአንቺ በኩል ምስክር እላለሁ፣ እታገኘሁ እላለሁ፣ አረጋ እላለሁ፤ ምላሴ አልተሰበረም፣ እንዳሰብሽው አልሆነም። ግን እዚያ ላይ እቆማለሁ። የአረጋ አባት ማን ነው? ያን ሁሉ ዓመት በደጃችን ሲቆም የአባትህ ስም ማን ነው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አባቴ የሁሉንም ልጆች በስም ያውቁ ነበር ብዬሽ ነበር። የእሱን አባት ግን አያውቁም ነበር። ወደ መነሻው እመለሳለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አረጋ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

ክርስትናው ሳይደርስ ስሙን ጻፊልኝ። ከእሱ በላይ ያሉትንም።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመት ሰብሌ፣

ግንባሩ የአባቴ ነው። ጥሩ አይተዋል።

ስሙን አልጽፍልዎም። የማላውቀው ሆኜ አይደለም። አባቴ ወናፍ ሲያስነፋኝ ነው ያስቆጠረኝ፣ እስከ ሰባተኛው፤ ስሳሳት ወናፉን አስቁሞ ከመነሻው ያስጀምረኝ ነበር። የእናንተ ቤት ብቻ መስሎዎት ነበር? የላሊበላን ዓለት መላእክት ጠረቡት ይባላል፤ ይሁን። አባቴ «መሮ የሳለላቸው ከእኛ አንዱ ነው» ይል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እናንተም ከነገሥታቱ ተወለድን ስትሉ ያየ የለም።

ስሙን ከፈለጉ ይምጡ። መንገዱ አሁን ክፍት ነው። እንግዳ በሚገባበት ግን አይግቡ። በሩ ላይ ቆመው ይጠይቁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቆመውን እርስዎ አንድ ጊዜ ይቁሙት። ካልመጡ ልጁ ግማሽ ቁጥር ይዞ ያድጋል፣ የጎደለውም በእርስዎ በኩል የጎደለ ይሆናል።

እታገኘሁ አረጋ


ከሆቴልዎ በር ላይ፣ ሐምሌ 22 ቀን

ለወይዘሮ እታገኘሁ አረጋ፣

መጥቻለሁ። ምስጋኑ አውርዶኝ ሄዷል። ይህን የምጽፍልዎ ዘበኛዎ መሐመድኑር ከደብተሩ በቀደደልኝ ወረቀት ነው።

«የማን ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ ስጠየቅ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ስሜን ነገርኩት፣ አላወቀውም። የአባቴን ስም ነገርኩት፣ እሱንም አላወቀውም። የሕፃኑ ቅድመ አያት ነኝ ስለው ዱላውን አስቀመጠና በርጩማ አመጣልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ቆመው ይጠይቁ ብለዋል። ዝናቡ ስለጀመረ ጃንጥላ ይዞልኛል። ውሃ ጠምቶኝ ነበር፤ ኩባያውን ከምስማሩ አውርዶ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ። ጥርሴ አልረገፈም።

የመጣሁት የአረጋን አባት ስም ለመጠየቅ ነው። ቢፈቅዱልኝ።

ሰብሌ


በዚያው ወረቀት ጀርባ

እመት ሰብሌ፣

ጋሻዬ ይባላል። አረጋ ጋሻዬ። የቀሩትን ከእርስዎ ጋር ቆሜ በአፌ እቆጥርልዎታለሁ።

ቅሏን ከግድግዳው እያወረድኩ ነው። ጠላ ሞልቼባት እመጣለሁ። ከላይ ከፍ አድርጌ አልቀዳልዎም፤ ከእጄ ወደ እጅዎ ነው የምሰጥዎ።

እስክወጣ ድረስ ግን ቆመው ይጠብቁኝ።

እታገኘሁ